ጳጉሜ 6ን የማያውቀው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ የምኖር የኮምፒውተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፓይተን በመጠኑ እጽፋለሁ። መምህራችን «በክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች፣ ማለትም ማንም ኮዳቸውን አይቶ እንዲያሻሽላቸው በተፈቀዱ ፕሮግራሞች ላይ ተሳተፉ» እያሉ ይወተውቱናል፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ግራ ገብቶኛል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ድረ ገጽ፣ ጊትሃብን፣ በከፈትሁ ቁጥር የሌሎቹ ችሎታ ያስፈራኛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔት የምጠቀመውም በስልኬ ጥቅል ነው። (ባለፈው ክረምት የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ስሠራ ከኢንተርኔት ያወረድሁት ነፃ የቀን መቀየሪያ ፕሮግራም ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደን ልጅ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ቢያስቸግረኝ፣ ጳጉሜ 5 ብዬ አለፍሁት።) ለመሆኑ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን ሊያበረክት ይችላል? ገንዘብስ ያስገኛል?

ሰ.፣ ከበርበሬ ወንዝ

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽን በዝርዝር ጽፈሽ ዋናውን ነገር በቅንፍ ሸሸግሽው። የመጀመሪያ ሥራሽ እዚያ ቅንፍ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ያንን ልጅ በአንድ ቀን አስረጅተሽዋልና መዝገቡን ዛሬውኑ አርሚው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን እንደምትሆን የደሴ እናቶች ኮምፒውተር ሳይነኩ ያውቁታል። በስሌት ሲነገር ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። 2015 እንዲያ ነበር፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በማግሥቱ። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ምናልባት የራሱን አገር ደንብ ወስዶ «ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል» ብሎ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ በ2015 የነበረችውን ቀን ይከለክላል፣ በ2016 ያልነበረችውን ይፈቅዳል። ሁለቱንም ሞክሪና ውጤቱን ያዢ። ያስፈሩሽ የጊትሃብ ጎበዞች ብዙዎቹ ይህን ስሕተት ቢያዩትም ስሕተት መሆኑን አያውቁም።

ኮድ ለመንካት አትቸኩይ። መጀመሪያ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ችግሮች የሚመዘገቡበትን ክፍል ክፈቺና «ጳጉሜ» በእንግሊዝኛ ፊደል ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ፈልጊ፤ የተዘጉትንም ጭምር። ሌላ ሰው አመልክቶት ከሆነ አዲስ አትክፈቺ፣ የአንቺን ምሳሌ ከሥሩ ጨምሪ። ፈቃዱንም ተመልከቺ፤ ኮዱ ለዓይን ስለታየ ብቻ ክፍት ምንጭ አይባልም፣ እንደ ኤምአይቲ ወይም ጂፒኤል ያለ የፈቃድ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። የመጨረሻው ለውጥ ከዓመታት በፊት የተደረገ ከሆነና ጥያቄዎች መልስ አጥተው የተከመሩ ከሆነ ባለቤቱ ትቶታልና ሌላ ሕያው ፕሮጀክት ፈልጊ።

ማመልከቻው ይህን ይምሰል፦ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ነበረው። ያስገባሁት፦ ዓመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6። የጠበቅሁት፦ ሴፕቴምበር 11፣ 2023። ያገኘሁት፦ የተሳሳተ ቀን የሚል መልእክት።» ከዚህ በታች የፕሮግራሙንና የፓይተኑን እትም ቁጥር ጻፊ። ይህን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል። ማሞገስም፣ ይቅርታ መጠየቅም፣ ረዥም መግቢያም አያሻም። የልጁን ስም ወይም የክትባት ካርዱን ፎቶግራፍ ግን ፈጽሞ እንዳታያይዢ፤ ገጹን ዓለም ሁሉ ያየዋል።

ባለቤቶቹ ችግሩን ከተቀበሉና አንቺው ልታስተካክዪው ከፈለግሽ፣ ለአስተዋጽኦ አቅራቢዎች ያወጡትን መመሪያ አንብቢ። ከዚያ የፕሮጀክቱን ቅጂ በራስሽ ስም ፎርክ አድርጊ፣ ዋናውን ኮድ ሳትነኪ የምትሠሪበት አዲስ ቅርንጫፍ ክፈቺ፣ መጀመሪያ 2015ን የሚፈትሽ የሙከራ ኮድ ጻፊና ሲወድቅ እዪው። ቀጥሎ ስሌቱን አርሚና ባለቤቶቹ ለውጥሽን እንዲቀበሉ ጥያቄ (ፑል ሪኩዌስት ይሉታል) አቅርቢ። መንገድሽ ላይ ያየሽውን ሌላ ነገር ሁሉ አብረሽ አታስተካክዪ፤ አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ጉዳይ ይያዝ። «ይህን ቀይሪ፣ ያንን አስረጂ» ቢሉሽ ስድብ አይደለም፣ የሁሉም ኮድ የሚያልፍበት ነው። ዝም ቢሉሽም ብዙዎቹ ከእንጀራ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ጥቂት ሳምንታት ጠብቀሽ በጨዋ ቃል አንድ ጊዜ አስታውሺ።

የኢንተርኔት ጥቅሉ ነገር የፈራሽውን ያህል አይደለም። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ ጊትን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል (ለሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ሥራ ሲሠራው የፕሮጀክቱ ታሪክ በሙሉ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ስታወርጂና ስትልኪ ብቻ ነው። በሀረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ ኔትወርክ ቢጠፋም ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም ለውጥሽን መመዝገብ ትችያለሽ፤ ማቅለሽለሹን ግን ጊት አያስቀርልሽም። ትልቅ ፕሮጀክት ሲሆን የቀድሞውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን እትም ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ ፕሮጀክቱን በሚያወርደው የክሎን ትእዛዝ ላይ ዴፕዝ 1 የሚለውን ምርጫ ጨምሪበት። ለዚህ ሥራ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ሰነድ ውስጥ አንድ ቃል ለውጦ «አስተዋጽኦ አደረግሁ» ማለት ፋሽን ሆኗል። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ሃክቶበርፌስት በተባለው የክፍት ምንጭ ማበረታቻ ዘመቻ ቲሸርት ለማግኘት ሲባል እንዲህ ያለ ግሳንግስ በየፕሮጀክቱ ጎረፈ፤ አዘጋጆቹም በዘመቻው መካከል ደንባቸውን ቀይረው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲቆጠሩ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ከማያውቁት ሰው የሚመጣ የአንድ ቃል ለውጥ ብዙዎችን ያስቆጣል። ኮድ ሲሰለችሽ ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ ፖንቱን በተባለው የትርጉም ድረ ገጽ ላይ ወደ አማርኛ መተርጎም፣ ወይም የሰፈርሽን መንገዶች ማንም ሊያርመው በሚችለው ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ ላይ ማስገባት ከዚያ በእጅጉ ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አብዛኛው አስተዋጽኦ አይከፈልበትም፤ ማንም በዚህ ፈጥነሽ ትከብሪያለሽ ቢልሽ አትመኚው። የሚከፈልበት ግን አለ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ጀማሪዎች የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ተማሪ ላልሆኑም፣ 18 ዓመት ለሞላቸው ክፍት ነው። በፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀድሞ የሠራ አመልካች የተሻለ ዕድል አለው። ተቀባይ ፕሮጀክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይታወቃሉ፣ ማመልከቻው በመጋቢት ይከፈታል፤ ስለዚህ የምታመለክቺበት ፕሮጀክት ሰዎች ከየካቲት በፊት ቢያውቁሽ ይመረጣል።