ለስኳርና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲባል ምግብን መምረጥ ከጾም ሕግ ይጋጫልን?

ጥያቄ፦ ከስኳር ሕመም ጋር መኖር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ደግሞ ጉልበቴንና የእጄን ጣቶች እየቆረጠመኝ መስገድ አቅቶኛል። ሐኪሙ ክብደት እንድቀንስና አመጋገቤን እንዳስተካክል ነግሮኛል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እቆያለሁ፤ መድኃኒቱንም እስከዚያ አልወስድም። ለሕመሜ ብዬ ምግብ ብመርጥና ሰዓቱን ባሳጥር ለሥጋዬ ማድላት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ የሚበሉት የምግብ ዓይነትና ሳይበሉ የሚቆዩበት ሰዓት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ፈጥኖ የሚጎዳዎት ሁለተኛው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚወስድ ሰው ለረጅም ሰዓት ካልበላ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድ፣ ሊያንቀጠቅጠውና ሊያልበው፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል፤ ይህን ፈርቶ መድኃኒቱን መዝለል ደግሞ ስኳሩን ወደ ላይ ይሰደዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪምዎ፣ የጾሙን ሰዓት ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ይወስኑ እንጂ በራስዎ ፈቃድ አይቁረጡ። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁበትንም ቀን እንዲሁ አስቀድመው ያማክሩ። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾም ካህን ከሥልጣኑ እንዲሻር ሲያዝ፣ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ግን ለይቶ ነፃ ያደርገዋል፤ ካህኑን ያልጨከነበት ሕግ በታመመች ምእመን ላይ እንዴት ይጨክናል? ስኳርዎ መውረዱን ካወቁ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ሳይጠብቁ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ።

ወደ ምግቡ ስንመለስ፣ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 37 ሰው ራሱን እንዲመረምርና የሚጎዳውን ለሰውነቱ እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ሁሉ ለሁሉ አይስማማምና። ለጣዕም ብሎ መምረጥና ለጤና ብሎ መምረጥ አንድ አይደሉም። ጉልበታቸው በተጎዳና ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት፣ አንድ ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ የሚያህል ጫና እንደሚያነሣ ታውቋል፤ ይኸው ክብደት ሲቀንስ ስኳሩም ለመቆጣጠር ይቀላል። የጾም ምግብ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አትክልት ስኳርን ቀስ እያሉ ወደ ደም ይለቃሉ። ችግሩ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ነው፤ የሚቀየመኝ ባይጠፋም፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በድንችና በጣፋጭ ጭማቂ የተሞላ የጾም ማዕድ ከፍስክ ማዕድ ሲከብድ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ማርና ቴምርም የተፈጥሮ ቢሆኑም ስኳርነታቸው አይቀርም።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ግን መነሻው አንድ ስላልሆነ የእርስዎ ከየትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ምግብ መከልከል ከንቱ ድካም ነው። ከዩሪክ አሲድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ከሚከማች ቆሻሻ፣ የሚመጣው ሪህ በቀይ ሥጋ፣ በጉበትና በኩላሊት፣ በቢራና በጣፋጭ መጠጥ ይባባሳል፤ ጥራጥሬ ግን በዚህ ረገድ እንደ ሥጋ ሲጎዳ አልታየም። ያለ ምግብና ያለ ውኃ እጅግ ረዝሞ መቆየትም ራሱ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ሰዓቱን ለማሳጠር ሌላ ምክንያት ነው። ስኳር ኩላሊትዎን ነክቶት ከሆነ የጥራጥሬውንና የአትክልቱን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎችም ሳያማክሩ አይደጋግሙ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉና። በመገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ስቴሮይድም ለተወሰኑ ቀናት የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሊወጉ ሲሉ የስኳር ሕመም እንዳለብዎ ያሳውቁ። እግርዎ ቢያብጥና ቢሞቅ፣ ባያምዎትም እንኳ በዚያው ቀን ይታዩ፤ ስኳር ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሕመም አለመኖሩ ደኅና ነኝ አያሰኝም።

ስግደትን በተመለከተ፣ የሚያብጥ ጉልበትን አስገድዶ መሬት ማስነካት አይገባም። ቆመው አንገትዎን በመድፋት ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ። የንስሐ አባትዎ ቀኖናውን ሊያቀልሉልዎት ወይም በምጽዋትና በመጽሐፍ ንባብ ሊለውጡልዎት ሥልጣን አላቸውና ሳያፍሩ ይንገሯቸው።