ጎሚስታው 40 ይላል፣ ጎማው 44፦ ትክክለኛው ንፋስ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ አሮጌ ቪትዝ አለኝ። ጎሚስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሳይጠይቁኝ 40 ይሞሉልኛል፤ «ካነሰ ጎማውን ይበላዋል» ይላሉ። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ 44 ተጽፏል። የቱን ልመን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። 44 ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ በየትኛው መኪና ላይ እንደሚታሰር አያውቅም። ትክክለኛውን ልክ የሚያውቀው መኪናውን የሠራው ሲሆን፣ እሱም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በለጠፋት ትንሽ ወረቀት ጽፎታል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ከሆነ ግን ወረቀቷ የምትገኘው በቀድሞው የሾፌር በር፣ ማለትም አሁን ተሳፋሪ በሚገባበት በቀኝ በኩል ነው። በግራ ብቻ ፈልገው «የእኔ መኪና የለውም» እንዳይሉ። እዚያም ካጡት የነዳጅ ክዳኑን ከፍተው ከውስጥ በኩል ይመልከቱ።

ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ላይ ቁጥሩ የተጻፈው በፒኤስአይ (ጎሚስታው በሚጠቀምበት የንፋስ መለኪያ) ሳይሆን በኪሎፓስካል ነው፤ 220 ካለ አጠገቡ ያንኑ ልክ በሌላ መለኪያ የሚገልጽ 2.2 አለ። 220 በጎሚስታው መለኪያ 32 ነው፤ 230 ደግሞ 33፣ 240 35፣ 250 36። የፊትና የኋላው ከተለያየ ለያይተው ያስሞሉ። ቁጥሩ የሚሠራው ወረቀቷ ላይ አብሮ ለተጻፈው የጎማ ልክ ስለሆነ እሱንም ያመሳክሩ።

ከልኩ ያለፈ ንፋስ የጎማውን መሃል ያሳብጠዋል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብና መሃሉ ቶሎ ያልቃል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ርቆ ይቆማል፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ምቱ ሁሉ ወደ አሞርዛተሩ ይሄዳል። የጎሚስታው ስጋት ግን መሠረት አለው፤ ያነሰ ንፋስ በእርግጥም የጎማውን ሁለት ጠርዝ ይበላል። ከመብላቱ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። የላላ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያግለዋል፣ ግለቱም ላስቲኩንና በውስጡ ያለውን የሽቦ ንብርብር ያላቅቃል። በፍጥነት መንገድ ላይ ድንገት ለሚፈነዱ ጎማዎች አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከልክ በላይ መሙላት ሳይሆን በየወሩ መለካት ነው፤ ጤነኛ ጎማም በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ ወድቆ ተነስቶ ልኩን ሊስት ስለሚችል የራስዎን ትንሽ መለኪያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጠዋት 32 ያስሞላሁት ጎማ አዳማ ስደርስ 36 ሆኖ አገኘሁት። ላስተንፍሰው? በቅርቡ ወደ ሰመራ ስለምወርድም ያሳስበኛል።

መልስ፦ በፍጹም አያስተንፍሱ። የወረቀቷ ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በታች በዝግታ የሄደ መሆን አለበት። በጉዞ ግሎ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። እዚያው ወደ 32 ካወረዱት ማታ ሲቀዘቅዝ 28 ይሆንብዎታል። በኅዳርና ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋትና ቀትር የሚለያዩት ብዙ ስለሆነ፣ ቆሞ የዋለ መኪና ላይ እንኳ 2 ፒኤስአይ ያህል ልዩነት ሊያዩ ይችላሉ። ይለኩ ስንል በማለዳ ማለታችን ነው።

የሰመራው ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ከ1,900 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ስለሚወርዱ የውጭው አየር ይከብዳል፤ በዚህ ብቻ መለኪያው 3 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያነባል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ይህንኑ ያህል መልሶ ይጨምራል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ብዙ ጊዜ ምንም መንካት አያስፈልግም። ያደሩበት ቦታ ጎህ ሲቀድ ለክተው ከልኩ 2 ፒኤስአይ በላይ ከራቀ ብቻ ያስተካክሉ። ሙሉ ቤተሰብና ዕቃ ከጫኑ ግን ወረቀቷ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በነዳጅ መኪናዬ የለመድኩትን 32 ልሙላ?

መልስ፦ አይሙሉ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ልኩ ብዙ ጊዜ 36ን አልፎ እስከ 42 ይደርሳል፤ እዚህም የሚወስነው ወረቀቷ ናት። ካነሰ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት ያጥራል። ንፋስ ሲያንስ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የማስጠንቀቂያ መብራትም አይጠብቁ። ለምሳሌ የአሜሪካ ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከልኩ 25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ 40 የሚፈልግ ጎማ 30 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጎማ ብቻ በየሳምንቱ ይላላል። ጎሚስታው ሚስማር የለውም ይላል።

መልስ፦ የሳሙና አረፋ ቫልቩ አፍ ላይ፣ ግርጌው ላይ፣ ከዚያም ጎማውና ቸርኬው በሚገናኙበት ዙሪያ ይቀቡ፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ነው ቀዳዳው። ቫልቩ ከሆነ ርካሽ ነው፣ ይቀየር። ቸርኬው ዝጎ ከሆነ ጎማው ወልቆ ዝገቱ ይፋቃል። እስከዚያው በስኮርት (በተጠባባቂ ጎማ) የሚነዱ ከሆነና ስኮርቱ ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ፣ እሱ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው 60 ፒኤስአይ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አይለፍ።