ስራ ለቅቄ ጌም ልስራ ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ መልዕክትህን ሁለቴ አነበብኩት። ሶፍትዌር ተመርቀህ ባንክ ውስጥ ሁለት አመት ሰርተሃል፣ ማታ ማታ ከጓደኛህ ጋር ጌም ትሰራላችሁ፣ አሁን እናትህ እቁብ ሊደርሳቸው ስለሆነ በሱ እየኖርኩ በአመት ተኩል ልጨርሰውና ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኦንላይን ሱቅ) ላይ ልሽጠው ወይ ነው ያልከኝ። ጌሙን ተወው አልልህም፣ ግን እባክህ ስራህን አትልቀቅ፣ ያን እቁብም አትንካው።

"1,000 ሰው በ10 ዶላር ቢገዛን 10,000 ዶላር" ብለሃል፣ እስቲ አብረን እንቁጠረው። አብዛኛው ሰው ቅናሽ ጠብቆ ነው የሚገዛው፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ዋጋው ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ስለዚ በአማካይ 6 ዶላር ብንይዝ 6,000 ሆነ። ከ2 ሰአት በታች የተጫወተ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሪፈንድ (ብሩ እንዲመለስለት) መጠየቅ ይችላል (ጌምህ አጭር ከሆነ ጨርሶትም ሊመልሰው ይችላል)፣ ከ10 አንዱ መለሰ እንበል፣ 5,400። ስቲም 30 ፐርሰንት ይወስዳል፣ 3,780 ቀረ። ብዙ ልጆች ደግሞ ብሩ ሲገባ ነው የሚደነግጡት፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ ካንተ ድርሻ ሌላ 30 ፐርሰንት እዛው ይቆረጣል። ግማሹ ሽያጭ ከአሜሪካ ቢመጣ 3,213 ዶላር ገደማ ነው የሚተርፈው። ይሄን ለሁለት ሰው ለ18 ወር ስታካፍለው ለያንዳንዳችሁ በወር 90 ዶላር እንኳን አይሞላም፣ ያውም ሙዚቃ የሰራላችሁን ልጅ፣ የባንክ ኮሚሽኑን፣ እዚህ የምትከፍሉትን ግብር ሳንቆጥር። 1,000 ኮፒ መሸጥ ራሱ እኮ ቀላል አይደለም!

ስታርዱ ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም አንስተሃል። አዎ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሰርቶ በ2016 አወጣው፣ ሚሊዮኖችም ገዙት፣ ግን ከ4 አመት በላይ ሲሰራው ኑሮውን የደገፈችው ፍቅረኛው ነበረች፣ እሱም ሲያትል አንድ ቲያትር ቤት ተመልካች እያስገባ በትርፍ ሰአት ይሰራ ነበር። እናትህ 4 አመት ይችሉታል ወይ? እሳቸውን ሳትጠይቅ አትወስን።

እኔ ብሆን ትልቁን ጌም ለጊዜው አስቀምጬ በ3 ወር ማታ ማታ የሚያልቅ ትንሽ ነገር አወጣ ነበር። ስቲም ላይ የአንድ ጌም መመዝገቢያው 100 ዶላር ነው፣ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲያልፍ ይመለስልሃል። ባይሸጥ እንኳን የታክስ ፎርሙን፣ ክፍያው በቀጣዩ ወር መጨረሻ እንዴት እንደሚመጣ፣ ባንክህ ዶላሩን እንዴት እንደሚቀበል (ይሄን ከመልቀቅህ በፊት ቅርንጫፉ ሄደህ ጠይቅ) በትንሽ ኪሳራ ታውቀዋለህ። የትልቁን ጌም የስቲም ገጽ ደግሞ ቀድመህ ክፈትና ዊሽሊስት (ሲወጣ ልገዛው እፈልጋለሁ ብለው ምልክት የሚያደርጉ ሰዎችን) ሰብስብ፣ ከወራት በኋላም ቁጥሩ ካልተነሳ ጌሙ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው። የሰው ፕሮጀክት በኮንትራት መስራትም አትናቅ፣ ብዙ በግሉ ጌም የሚሰራ ዴቨሎፐር የቤት ኪራዩን የሚከፍለው በሱ ነው። ከኮንትራት የምታገኘው ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ወጪህን ከሸፈነ ያኔ ስለመልቀቅ እናውራ።

ከጓደኛህ ጋር ስንት ስንት እንደምትካፈሉ አልነገርከኝም። እስካሁን ካልተነጋገራችሁ በዚህ ሳምንት ቁጭ በሉና በወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ፣ አንዳችሁ መሀል ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆንም ጨምሩበት።