ለተከራይሽ፦ ደላላው የሚሸጥላት ነገር የለውም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ላላነበባችሁት፦ እህታችን ቤት የተከራየች አንዲት ኤርትራዊት አለች። ልጇ እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። አንድ ሰው «ወደ ካናዳ ኬዝ አስከፍትልሻለሁ» ብሎ 120 ሺህ ብር ጠይቋታል። ልጅቷ የአንገት ወርቋን ልትሸጥ ነው። ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ ትላለች እህታችን።

አይደለም። ወርቁ ይቀመጥ።

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ግን ስድስት ዓመት ጋምቤላ ውስጥ በአንድ የስደተኞች መጠለያ ምዝገባ ላይ ሠርቻለሁ። በበደሌና በመቱ የሚያልፈውን መንገድ ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ሪሰትልመንትን፣ ማለትም ስደተኛ ከተጠለለበት አገር ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ መስፈሩን፣ እንደ ዲቪ ነው የሚያየው። ፎርም ሞልተሽ ዕድልሽን የምትጠብቂ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ስደተኛው የሚጠይቀው ጥገኝነት ነው፤ የሚጠይቀውም የኢትዮጵያን መንግሥት ነው። ሕጉ አዋጅ 1110/2011 ነው። የገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም ቅርቡ ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት አለበት። መሥሪያ ቤቱን ብዙዎች ዛሬም በድሮ ስሙ «አራ» ነው የሚሉት። ደቡብ ሱዳኖችን እንደ ቡድን ነው የምንቀበለው፤ ለምን እንደሸሸ አንድ በአንድ አይመረመርም። በቡድን የማይታይ ሰው ቃሉን ይሰጣል፣ ውሳኔ ይጠብቃል፤ ቢከለከል ይግባኝ አለው። ከዚያ አሻራ፣ የዓይን ፎቶ፣ የምዝገባ ወረቀት። ሁሉ ነገር የሚነሳው ከዚያች ወረቀት ነው።

ሦስተኛ አገር የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ለአብዛኛው ሰው ደግሞ አይመጣም። በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት የሚሄደው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ዩኤንኤችሲአር፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት፣ ከተመዘገቡት መካከል ችግሩ የባሰበትን ይመርጣል፦ እዚህም ሆኖ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ፣ ግፍና ስቃይ የደረሰበት፣ እዚህ የማይገኝ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ጠባቂ የሌላት ሴት፣ ብቻውን የቀረ ልጅ። መርጦ ለአንድ አገር ያቀርባል እንጂ አይወስንም። የምትቀበለው አገር የራሷን ሰው ልካ ትጠይቃለች፣ የደህንነት ማጣሪያ ታደርጋለች፣ ከዚያ የጤና ምርመራ አለ። ከመንገዱ መጨረሻ ላይም ሊቆም ይችላል። አሜሪካ በጥር 2017 ፕሮግራሟን ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀርተዋል። ቤት ዕቃቸውን የሸጡ ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስደተኛው የሚከፍለው አንድ ብር የለም። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ኢንተርቪውም ነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ካለ፣ ደላላም ይሁን መታወቂያ ያንጠለጠለ ሠራተኛ፣ ሌባ ነው።

ደላላው ግን ከባዶ ሜዳ አይነሳም፤ ግማሽ እውነት ይዞ ነው የሚመጣው። ካናዳ ውስጥ አምስት ሰዎች ወይም አንድ ማኅበር ተሰባስበው ስደተኛ ስፖንሰር ማድረግ ይችላሉ። የዓመት መተዳደሪያውን ይሸፍናሉ። ብዙ ኤርትራውያን በዚህ ሄደዋል፤ እኔም አንድ ሁለት አውቃለሁ። ግን ማመልከቻውን የሚያስገቡት እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው እንጂ መርካቶ ሱቅ በር ላይ የቆመ ሰውዬ አይደለም። በዚያ ላይ ካናዳ በኅዳር 2017 ከአምስት ሰው ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማለች፤ ለጊዜው ብላ። ስለዚህ ተከራይሽ አንድ ጥያቄ ትጠይቀው፦ «ካናዳ ያሉት አምስቱ እነማን ናቸው?» ሲንተባተብ ታያላችሁ።

አሁን ልጅቷን በእውነት ወደሚጠቅማት ልምጣ። ወረቀቷና ቃሏ።

አንዲት እናት አልረሳትም። ሦስት ልጆች አስመዘገበች። ትንሹ የሟች እህቷ ልጅ ነበር። እንደዚያ ብላ ብትናገር ችግር አልነበረውም፤ አሳዳጊ ተብላ አብረው ይመዘገቡ ነበር። ጎረቤት ግን «ካልወለድሽው ይለዩብሻል» አላት፣ እሷም ወለድኩት አለች። ከዓመታት በኋላ ኢንተርቪው ላይ እሷንና ልጁን ለየብቻ ጠየቋቸው። ልጁ «እናቴ ስትሞት በርሜል ጀርባ ተደብቄ ነበር» አለ። እናቱ ደግሞ በር ላይ፣ ቤንች ላይ ተቀምጣ ተራዋን እየጠበቀች ነው። ኬዙ ቆመ። ውሸቷ የፍቅር ነበር፤ ፋይል ውስጥ ግን ውሸት ሁሉ አንድ ነው።

ሌላው የእኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። መጠለያው ውስጥ የተወለደ ልጅ የክትባት ካርዱ 2000 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ሰዓቱ መሽቷል፣ ደክሞኛል፤ የፈረንጅ አቆጣጠር በሚጠይቀው ቦታ ላይ እንዳለ 2000 ብዬ ጻፍኩት። የአሥር ዓመት ልጅ በአንዲት ጣት ንክኪ አሥራ ስምንት ሞላው። ትልቅ ሰው ነው ተብሎ ከእናቱ ፋይል ተለየ። ለማስተካከል ሰባት ወር ፈጀ። እናቱ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ልጁን ታስመዝግበው። የተጻፈለትንም የልደት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ራሷ ትቁጠር። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኞችም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ያስመዘግባሉ፤ የልደት ምስክር ወረቀት መብቷ ነው። ጅማ መወለዱ ብቻውን ኢትዮጵያዊ አያደርገውም። አባቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን አንቺ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ ወንድ ሲጠይቃት ደስ አይላትም።

ባልም ሆነ ሌላ ልጅ የትም አገር ካላት አሁኑኑ ትናገር። ካናዳ የገባ ስደተኛ ቀድሞ ያስመዘገበውን ቤተሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስከተል ይችላል። ያልጠቀሰውን ቤተሰብ በኋላ ላምጣ ቢል ትልቅ ጣጣ ነው።

ከካምፕ ውጭ የምትኖርበት ፈቃድ ጊዜው እንዳላለፈ ትመልከት። ፋይዳም ለስደተኞች መሰጠት ጀምሯል፤ ለባንክና ለሲም ካርድ ይጠቅማታል።

ቅዳሜ ከሰዓት አጂፕ አካባቢ ነኝ። ያላትን ወረቀት ሁሉ፣ የልጁን የክትባት ካርድ ጨምራ፣ በፌስታል ጠቅልላ ትምጣ። አንቺም አብረሻት ነይ። ደላላው የሰጣት ወረቀት ካለም ታምጣው፤ ማኅተሙን ማየት እፈልጋለሁ።