የባቄላው ዘር ለምን ሸተተ?

ጥያቄ፦ ደሴ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የዕፅዋትን የሕይወት ዑደት በዓይናቸው እንዲያዩ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጠን ነበር። ገሚሱ ሸተተ፤ የበቀለውም ቀጥኖና ገርጥቶ ተጋደመ። ምን አጎደልን? አበባና ፍሬውንስ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ የሸተተው ውሃ በዝቶበት ነው። ዘር ሲበቅል ይተነፍሳል፤ ውሃ ከዋጠው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ብቅል የምታበቅል እናት የዘፈዘፈችውን ገብስ የምታጠልለውም ለዚሁ ነው። ልጆቹ ይህን ቤታቸው ስለሚያዩት ትምህርቱን ከዚያ ቢጀምሩት ይቀላል።

ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት ያጥልሉት። የተንሳፈፈውንና ነቀዝ የበሳውን ያውጡ። በፀረ ነቀዝ መድኃኒት የታሸ እህል ልጆች እጅ አይግባ። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ውስጡን ዙሪያውን ሶፍት ያልብሱት፤ መሃሉን አሸዋ ይሙሉት። 3 ወይም 4 ፍሬ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል፣ ከአፉ 3 ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ይሰኩ። አሸዋው እስኪረጥብ ብቻ ያጠጡ፤ ከታች ውሃ ከተጠራቀመ በዝቷል። ሥር ከብርሃን ስለሚሸሽ ፕላስቲኩን በጥቁር ወረቀት ጠቅልለው በምልከታ ሰዓት ብቻ ይግለጡት። በሌላ ፕላስቲክ ደግሞ የባቄላ ክክ ይክተቱ። ሲከካ ፅንሱ ስለሚጎዳ አይበቅልም፤ ለምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

የቀጠነው ብርሃን አጥቶ ነው። ጫፉ ብቅ እንዳለ መስኮት ዳር ያድርጉት። ወደ መስኮቱ ሲያዘነብል ቶሎ አያዙሩት፤ መጀመሪያ ይሳሉት፣ ከዚያ አዙረው ምን እንደሚሆን ይጠብቁ። ጥጥም አሸዋም ምግብ የላቸውም፤ ቡቃያው የሚኖረው ክኩ፣ ማለትም የዘሩ ሁለት ገሚሶች ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። ስለዚህ ቅጠል እንደዘረጋ ከታች በተበሳ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ 2 እጅ አፈር ከ1 እጅ ብስባሽ ጋር ቀላቅለው ያዛውሩት።

የመጽሐፉን ሥዕል ከምልከታው በፊት ባያሳዩ እንመርጣለን፤ ካዩት ፕላስቲኩን ትተው መጽሐፉን ይገለብጣሉ። ይልቅ «መጀመሪያ የሚወጣው ምንድን ነው?» ብለው ግምታቸውን ያስጽፉ። ብዙዎቹ ቅጠል ይላሉ፤ የሚቀድመው ግን ሥር ነው። በየ2 ቀኑ ቀኑን ጽፈው ይሳሉ፤ ቁመቱንም ከአፈሩ ገጽ ጀምሮ በማስመሪያ ይለኩ። ቦሎቄ ጎን ለጎን ቢዘሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፦ የባቄላ ክክ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ የቦሎቄው ከአፈር በላይ ይወጣል።

አበባና ፍሬውን በተመለከተ፣ ባቄላ ከዘር እስከ ዘር 4 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ክፍል ውስጥ ብርሃኑ ያንሰዋል፤ ንብ ስለማይደርስለትም ጥቂት ፍሬ ብቻ ይይዛል። እኛ የምንመክረው ማሳውን ነው። በመስከረም ክፍል ውስጥ ዘሩ ሲበቅል፣ በክረምት የተዘራው የደጋ ባቄላ አበባና እሸት ይዟል። ባለቤቱን አስፈቅደው ይውሰዷቸው። ከአንድ ተክል ላይ እምቡጥ፣ አበባና ለጋ እሸት ይፈልጉ፤ በለጋው እሸት ጫፍ ላይ የደረቀውን የአበባ ቅሪት ያገኙታል። አበባው ወደ ፍሬ መለወጡን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ኮምቦልቻና ቃሉ አካባቢ የሚያስተምሩ ግን ማሾ ይዝሩ። ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ያለ ንብም ፍሬ ስለሚይዝ ግቢው ውስጥ ተዘርቶ በአንድ ሴሚስተር ዘሩ ይሰበሰባል። ለደሴ ብርድ አይሆንም።