«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ያስሞላሁት ፎርም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ49 ዓመት ሰው ነኝ፤ ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ። ከአፍንጫ ጀርባ ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ 35 ጊዜ ጨረር ገባሁ፣ ኬሞም ወሰድኩ። ከጨረስኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በቅርቡ ለክትትል ስሄድ «ንጹሕ ነው» ተባልኩ። ከዚያ አንዲት ሲስተር ረጅም ፎርም ይዛ መጣች፤ ቤተሰብ ፊት መብላት ያስቸግርዎታል? ይጨነቃሉ? ልጄ አጠገቤ ተቀምጧል። ሁሉንም «በፍጹም፣ አልሐምዱሊላህ» ብዬ አስሞላሁት። እውነቱን ከተናገርኩ ግን አፌ ይደርቃል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ሰርግ ቤት መሄድ ትቻለሁ። ካንሰሩ ከጠፋ ይኼ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል? መዋሸቴስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎ።

ዋሹ አልልም። «አልሐምዱሊላህ» ለፈጣሪ የሚባል ነው፤ ሲስተሯ የጠየቀችዎ ግን ስለ አፍዎ ነው። እዚህ ደሴም ያው ነው። ታካሚው ገና ሳይቀመጥ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ይለኛል፤ ሊወጣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ «ብቻ ምግብ አልወርድ ብሎኛል» ይላል። ፎርሙ የተሠራው ያችን የበር ላይ ወሬ ወንበሩ ላይ ለማምጣት ነው።

ምርመራው የሚያየው ዕጢው መኖር አለመኖሩን ነው። ለዚህ ካንሰር በተለምዶ የሚሰጠው ጨረር 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ከጆሮ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች፣ የመንጋጋ ጡንቻና ጆሮ ደግሞ መንገዱ ላይ ናቸው። እዚያ የደረሰውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከገለጻዎ እንደምገምተው የሞሉት የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 30 ጥያቄ መጠይቅና ለራስና አንገት ካንሰር የተጨመረውን ባለ 35 ጥያቄ ነው። አብዛኛው «በፍጹም» ከሚለው 1 እስከ «በጣም» እስከሚለው 4 ይመለሳል። ከዚያ ከ0 እስከ 100 ይሰላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሥራ መሥራትን በሚለካው ክፍል ከፍ ያለ ቁጥር ማግኘት ጥሩ ነው፤ በአፍ መድረቅ ከፍ ያለ ቁጥር ግን መጥፎ ነው። ቁጥሩን ከሌላ ሰው ጋር አያወዳድሩ፤ ከራስዎ ካለፈው ጋር እንጂ። 10 ነጥብ ያህል ከተለወጠ ታካሚው ራሱ የሚሰማው ለውጥ ነው ተብሎ ይወሰዳል። እርስዎ ግን ሁሉንም «በፍጹም» ስላሉ፣ ነገ ቢብስብዎ የሚነጻጸርበት መነሻ የለም። ጉዳቱ እሱ ነው።

«ሰው ፊት መብላት» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከአውሮፓው ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ሰው የየራሱን ሳህን ይዞ ይቀመጣል፤ እኛ ከአንድ ትሪ በልተን እንጎራረሳለን። አፉ የማይከፈት ሰው ጉርሻ ሲመልስ ኩራት ይመስልበታል፤ ከዚያ መቅረት ይመርጣል። የእርስዎም ሰርግ መተው እንዲህ ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ መስታወት ፊት ይቁሙ። ጠቋሚ፣ መካከለኛና የቀለበት ጣትዎን ደራርበው በቁመት ከላይና ከታች የፊት ጥርስዎ መሃል ያስገቡ። ሦስቱ ከገቡ ጥሩ ነው። ሁለት ብቻ ከገቡ የመንጋጋ ጡንቻዎ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ የሚሠራ የመክፈቻ እንቅስቃሴ አለ፣ ሳይዘገይ ቢጀመር ይሻላል። ፊዚዮቴራፒስት ያሳይዎ፤ በጉልበት አይክፈቱት።

ለድርቀቱ ውሃ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ጠርሙሱ ከስፌት መኪናዎ ጎን አይጥፋ። በርበሬውን ይቀንሱ፣ እንጀራውን መረቅ ያጠጡት፣ ቆሎውን ለሌላ ይተዉ። ድርቀቱን በከረሜላ ማታለል ግን አይገባም። ጥርስን የሚያጥበው ምራቅ ስለሌለ በፍጥነት ይበላሻል። ጥርስ ለማስነቀል ከሄዱ፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ «መንጋጋዬ ጨረር አግኝቶታል» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ አጥንቱ ሳይድን ሊቀር ይችላል። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ክብደትዎን አይቶ ሐኪምዎ ምን እንደሚል ይስሙ፣ ከዚያ ሼኽዎን ያማክሩ።

የጆሮው ጩኸት ነገር ያስገርማል፤ ያ ባለ 35 ጥያቄ ፎርም ስለ መስማት አይጠይቅም! ስለዚህ ራስዎ ይጨምሩት። ከጆሮ የሚመጣው ቱቦ የሚከፈተው ካንሰሩ የነበረበት ቦታ ላይ ስለሆነ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ ኬሞዎ ሲስፕላቲን ከነበረም የመስሚያውን ውስጣዊ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። የሁለቱ ሕክምና ስለሚለያይ የመስማት ልኬት ያስፈልግዎታል።

ድካምና ብርድስ አለብዎት? ደሴ ቢሆኑ ብርዱን በጦሳ ተራራ ባሳበብን፤ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ጋቢ የሚደርብ ሰው ግን የእንቅርት ዕጢውን ይመርመር። አንገት ላይ ያረፈ ጨረር ያዳክመዋል፤ ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ይለየዋል፣ መድኃኒቱም በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው።

ከአፍንጫ ደም ከመጣ፣ አንገት ላይ እብጠት ካገኙ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ፎርሙን በሚቀጥለው ክትትል እንደገና ልሙላ ይበሉ፤ ሲስተሯ ቅር አይላትም። የአማርኛ ቅጂ ካለ ራስዎ ያንብቡት። የመኝታ ቤት ጥያቄም ስላለበት ልጅዎን ሻይ ጠጥቶ እንዲመጣ ይላኩት።