«ሚዛኑ ቆመብኝ» እና ሌሎች የክብደት ጥያቄዎች

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ሁሉ ሰኞ ይጀምራል። ሐሙስ ላይ ምን እንደገጠመው የሚጽፍልኝ ግን ጥቂት ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ለዛሬ ሐሙስ ላይ የተጻፉ የሚመስሉትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ዳቦና ስኳር ሙሉ ለሙሉ አቁሜ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ። በሁለተኛው ሳምንት 300 ግራም ብቻ፣ በሦስተኛው ደግሞ ምንም። ምን አጥፍቼ ነው ሚዛኑ የቆመብኝ?

ምንም አላጠፋሽም፤ ያታለለሽ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ በአዋቂ ሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይደርሳል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ዳቦውንና ስኳሩን በአንዴ ስታቆሚ ስንቁ ይሟጠጣል፣ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። ከ3 ኪሎው አብዛኛው ይኸው ነው። ስብ እንዲህ አይቸኩልም፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ከቀነሰ ጥሩ እየሄደ ነው። እኔን የምታጓጓኝ የናቅሻት 300 ግራም ናት። ሦስተኛውን ሳምንት ደግሞ ለብቻው ነጥለሽ አትፍረጂበት፤ ጨው የበዛበት እራት ወይም የወር አበባ መቃረብ ብቻውን ሚዛኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወሩን በሙሉ እዪው።

ይልቅ ያሳሰበኝ «ሙሉ ለሙሉ» ያልሽው ነው። የዛሬ ዓመትም ዳቦ ሳትቀምሺ ትኖሪያለሽ? መልስሽ «እንጃ» ከሆነ፣ ከአሁኑ በቀን አንዴ፣ በልክ፣ ተቀምጠሽ ብዪው። ሻይሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ቀንሺ እንጂ ሻዩን አትጥዪው።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ራሴን ገትቼ እውላለሁ፤ ጠዋት ቡና ብቻ፣ ምሳ ሰላጣ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። የፍሪጁን በር ከፍቼ ቆሜ እበላለሁ፣ ጠግቤም አላቆም። ራሴን መግዛት ለምን አቃተኝ?

ቀኑን ሙሉ ራስህን ስትገዛ ውለሃል እኮ! ማታ የሚመጣው የቀኑ ሒሳብ ነው።

አንድ የቆየ ጥናት ላጫውትህ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ አንሰል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ሁሉም በፈቃዳቸው የመጡ፣ በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ናቸው። ለ24 ሳምንታት የሚበሉት ምግብ ወደ ግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ቀነሱ፤ ያልታሰበው ግን በጭንቅላታቸው የሆነው ነው። ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ረሃቡ አብቅቶ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ ሆዳቸው ተወጥሮም «አልጠገብንም» ይሉ ነበር። «ጠግቤም አላቆም» ያልከውን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ እራትህን ለጊዜው አትንካው። ቁርስና ምሳህን አስተካክል። ጠዋት እንቁላል ወይም እርጎ፣ ከተቻለ ከፍራፍሬ ጋር። ሰላጣው ይቆይ፤ ግን ምስር፣ ባቄላ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ይግባበት፣ አጠገቡም ድንች ወይም ሩዝ ይቀመጥ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢርብህ ብላ። ለሁለት ሳምንት ሞክረውና ፍሪጁ ማታ እንደ ድሮው ይጠራህ እንደሆነ ተመልከት። ቁርስ ሳይበሉ ውለው ማታ በሰላም የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ እነሱን አልከራከርም። አንተ ግን ከእነሱ አይደለህም።

ማታ ደብቀህ የምትበላ፣ ከዚያም የምታስመልስ ወይም በማግስቱ ለቅጣት የምትጾም ከሆነ ግን ነገሩ ከዚህ ዓምድ በላይ ነው፤ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «የሚያወፍረው ቅባት ነው» ይላል፣ እኔ «እንደ ዳቦና ሩዝ ያለው ካርቦሃይድሬት ነው» እላለሁ። ፍረድልን።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ ግማሹ ቅባት፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በሁለቱም ወገን ብዙ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። ሁለቱም ቡድን አትክልት እንዲያበዛና ስኳር እንዲቀንስ ተነግሮት ነበር። ታረቁ።

ጥያቄ፦ የታሸገ ምግብ ቤቴ አይገባም፤ ሁሉንም የማበስለው ራሴ ነኝ። ለምንድነው የማልቀንሰው?

የታሸገውን መተውሽ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 20 ሰዎችን በየተራ በፋብሪካ ምግብና በተለመደ ምግብ ሁለት ሁለት ሳምንት አቆይቶ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ማንም ሳያስገድዳቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በልተዋል።

ግን ወደ ምድጃሽ እንምጣ። እኔም ራሴን እንዳንቺ አመሰግን ነበር። አንድ ቀን ዘይቱን ወደ ድስቱ ከማንቆርቆሬ በፊት እንደ ልማዴ በዓይኔ መጥኜ ኩባያ ላይ ቀዳሁትና በሾርባ ማንኪያ ለካሁት፤ 5 ማንኪያ! አንዱ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። 600 ካሎሪ፣ ያውም ለሁለት ሰው ድስት፣ ገና ሽንኩርቱ ሳይገባ። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲኖረው ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4 ብቻ ስላላቸው ዘይት ሲቀዳ ትንሽ መስሎ ብዙ ይሆናል። ዘይት ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። አሁን 2 ማንኪያ አደርጋለሁ፤ ሽንኩርቱ ሲይዝብኝ ጠብታ ውሃ ጣል እያደረግሁ አማስለዋለሁ። ማዕድ ላይ የነቃብኝ የለም።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ የሆድ ስብ ያቀልጣል?

አያቀልጥም። በለስላሳ መጠጥ ፈንታ የሚጠጣ ከሆነ ግን ይጠቅማል፤ አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ለስላሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው።

ጥያቄ፦ የወፈርኩት የልጆቼን ትራፊ እየለቀምኩ ይመስለኛል። ምግብ መድፋት አልችልም።

አትድፊ። መጀመሪያ ሲቀርብላቸው አሳንሽው፣ ከፈለጉ ይጨመርላቸው። የተረፈውን ከጠረጴዛ ሳትነሺ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊውና የነገ መክሰሳቸው ይሁን። ቆመሽ ሳህን እያነሳሽ የምትጎርሻትን ሰውነትሽ ይቆጥራታል፣ አንቺ ግን አትቆጥሪያትም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ወደ በሽታው ሳይገባ ክብደት ቀንስ ብሎኛል። 30 ኪሎ መቀነስ እንዴት ይሆንልኛል? ተስፋ ቆርጫለሁ።

30 ኪሎ ያለዎት ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎችን ነበር የያዘው። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚያ ብቻ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ58 በመቶ ቀነሰ። የእርስዎ 7 በመቶ 6 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 30ውን ይርሱትና በሳምንት 5 ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ የእራት ሳህንዎን ግማሽ በአትክልት ይሙሉት።

ይህን ጥያቄ የምታነቡና አስቀድሞ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። መጠኑ ሳይስተካከል ምግብ ብቻ ከቀነሰ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።